«እስቲ ተነጋገሩ»፦ ስሙ የማይጠራ ሕመም በ«ኻንዳኒ ሻፋኻና» ፊልም

በሺልፒ ዳስጉፕታ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2019 ለዕይታ የበቃው የሂንዲ ፊልም «ኻንዳኒ ሻፋኻና» ታሪኩን ያደረገው በሕንድ፣ በፑንጃብ ግዛት፣ በሆሺያርፑር ከተማ ነው። ሶናክሺ ሲንሃ የምትጫወታት ቤቢ ቤዲ ከአጎቷ የወሲብ ጤና ክሊኒክ ትወርሳለች፤ ለመሸጥ ግን አስቀድማ ስድስት ወር ልታሠራው እንደሚገባ ኑዛዜው ያስገድዳታል። ሳቁም ሐዘኑም የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ ወንዶች እርስ በርስ እንኳ የማይነጋገሩበትን ሕመም ያላገባች ወጣት ሴት ትጠይቃቸዋለች።

ለቋንቋ አጥኚ ፊልሙ ከርእሱ ጀምሮ ቁም ነገር አለው። «ኻንዳኒ» የቤተሰብ ውርስ የሆነ ማለት ነው፤ «ሻፋኻና» ፈውስ የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ቃልና ቤት ከሚለው የፋርስኛ ቃል ተጣምሯል። የፈውስ ቤት መሆኑ ተነገረ፤ የምን ፈውስ እንደሆነ ግን አልተነገረም። በሰሜን ሕንድ የክሊኒክ ማስታወቂያዎች የተለመደው «ጉፕት ሮግ» የሚለው ስያሜም «ስውር ሕመም» ከማለት አያልፍም።

የፊልሙ መፈክር «ባት ቶ ካሮ» ነው፤ «እስቲ ተነጋገሩ» እንደ ማለት። «ቶ» የተባለችው ቅንጣት እንደ «እስቲ» ጥያቄውን ታለዝባለች። ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ግን መፈክሩ ራሱ አይጠቅስም። «ካሮ» ደግሞ የመካከለኛ አክብሮት ትእዛዝ ነው፤ ታላቅን በማክበር የሚጠራው «ኪጂዬ» አይደለም። እንግዲህ መፈክሩ ለእኩያ እንጂ ለታላቅ የሚነገር አይደለም። የቤቢ ችግር ግን እዚያው ላይ ነው፤ የሚጎድላት ቃል ሳይሆን ቃሉን ለታላላቆቿ የምትናገርበት መብት ነው።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «አባላዘር» ከግእዝ በመምጣቱ በሐኪም ፊት ያለ እፍረት ይነገራል፤ «ኀፍረተ ሥጋ» ግን ስያሜው ራሱ ኀፍረትን ተሸክሟል። ከሩቅ የመጣ ቃል መናገርን ያቀላል፤ ሆኖም ታካሚው ካልተረዳው ዝምታውን በሌላ መልክ ያቆየዋል።

ፊልሙ የሚደክመው ይህን ትቶ በችሎት ፊት ወደ ስብከት ሲያዘነብል ነው። ማን ለማን ምን ሊል እንደማይችል በሳቅ ያሳየን ሥራ፣ በመጨረሻው መናገር መልካም መሆኑን ብቻ ያውጃል። እንዲያም ሆኖ የጤና ቃላትን ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ጠቃሚ ጥያቄ ትቶ ያልፋል፦ ቃሉ ከተገኘ በኋላ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ማን ነው?