ዘፈኑ ያላያቸው ገበሬዎች

እንደሚታወቀው «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የተሰኘው የእንግሊዞች ዘፈን 40 ዓመት ስለሞላው በኖቬምበር 2024 በአዲስ ቅንብር እንደገና ወጥቷል። ዘፈኑ የተዘፈነው ስለ 77ቱ የኢትዮጵያ ረኀብ በመሆኑ በቂርያት ዔቅሮን የምንኖረውንም ይመለከተናል። ስለዚህ ዘፈኑን በአንድ ሚዛን ልመዝነው እወዳለሁ፤ ይኸውም አደጋ የደረሰበት የገጠር ሕዝብ ተመልሶ በእግሩ እንዲቆም የሚያደርገውን ነገር ያሳያል ወይስ ይሸፍናል? የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዜና ኦክቶበር 23 ቀን 1984 በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ። ይህንን ያየው ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ዘፈኑን ደረሰና ኖቬምበር 25 ለንደን ውስጥ ተቀዳ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ተገኘበት። በዚያ ገንዘብ ነፍስ ተርፏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

ችግሩ ግጥሙ ላይ ነው። አገሩን ዝናብም ወንዝም የሌለበት፣ ምንም የማይበቅልበት ምድር አድርጎ ይስለዋል። ዓባይና ተከዜ ከየት እንደሚነሡ የሚያውቅ ሰው ምን ይል ይሆን? ክርስቲያኑ ኢትዮጵያዊስ ክርስትናን ከተቀበለ ከ4ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ገናን እንዴት ሳያውቀው ይቀራል? ይሁን እንጂ ይህ ቀላሉ ስሕተት ነው። ከባዱ ስሕተት በዘፈኑ ውስጥ ጦርነትም መንግሥትም አለመኖሩ ነው። ያለው ደረቅ ሰማይና የተዘረጋ እጅ ብቻ ነው።

በዚያው በ1984 ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ገጠር ለረኀብ ስለ መጋለጡ አንድ መጽሐፍ አውጥተው ነበር። ከ1958 እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) ያሉትን ዓመታት መርምረው ድርቅና ረኀብ አንድ አለመሆናቸውን፣ ገበሬውን የሚያጋልጠው ከዝናቡ እጥረት ይልቅ የሚኖርበት ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። በ77ም ቢሆን በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነት ገበያውንና መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ ደርግም በሠፈራ ስም ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ ከቀዬው አንሥቷል። መጽሐፉን ያነበበው ጥቂት፣ ዘፈኑን የሰማው ግን ዓለም ሁሉ ነው።

ገበሬ ሲቸግረው እጁን አጣምሮ አይቀመጥም። ደቦ አለው፣ ወንፈል አለው፣ ብድሩን የሚመልስበት ጎረቤት አለው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ አሌክስ ደ ቫል በ1984 እና በ1985 በሱዳን ዳርፉር ስለደረሰው ረኀብ በ1989 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰዎቹ ዘራቸውንና ከብታቸውን ላለማጣት ሲሉ መራብን ይመርጡ እንደነበር ጽፏል። የዘር እህል በጓዳው እያለ የሚራብ ሰው ለመጪው ክረምት የሚያስብ ሰው ነው። ዘፈኑ እንዲህ ያለውን ሰው አላየውም።

የራሳችንንም ታሪክ አላየውም። የሙሴ ዘመቻ የተጀመረው ኖቬምበር 21 ቀን 1984፣ ማለትም ዘፈኑ ከመቀዳቱ 4 ቀን በፊት ነው። ወገኖቻችን ኢየሩሳሌምን ብለው ከጎንደር መንደሮች ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ተጉዘው ሱዳን ሲደርሱ፣ ስንቁን ያካፈሉት፣ የደከመውን የደገፉት፣ የሞተውን የቀበሩት ራሳቸው ነበሩ። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 ሰው አልቋል። የተረፈው የተረፈው በአውሮፕላኑ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ በመያያዙም ጭምር ነው።

ይህን ስል ግን የመረዳዳት ባህላችን ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። ጎተራው ሁሉ ባዶ ሲሆን ጎረቤት ለጎረቤት የሚያበድረው የለም። በመሆኑም ውጭያዊ እርዳታ ያስፈልጋል፤ ጥያቄው እንዴት ይምጣ የሚለው ነው። በኢትዮጵያ በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ገበሬው ከብቱን ሳይሸጥ፣ በቀዬው እርከንና ኩሬ እየሠራ ክፍያ እንዲያገኝ አደረገ። በ2015 እና በ2016 በደረሰው የኤልኒኞ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ቢያስፈልገውም የ77ቱ ዓይነት እልቂት አልተደገመም። ከ2020 ወዲህ ግን የትግራይ ጦርነት ረኀብን መልሶ አመጣ። ለዓመታት የተሠራ እርከን ከጦርነት እንደማያድን ታየ።

ይህ ሁሉ እዚህ ምን ያደርግልናል? ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ በእስራኤል «ሖሴን» የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም። እኔም በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ስለ ሖሴን በየስብሰባው እሰማለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ቤተሰቦቻችን የሚሞሉት ብዙዎቹ ቅጾች «ምን ይጎድላል?» ብለው ይጀምራሉ፤ ልክ እንደ ዘፈኑ። ቤተሰቡ ሐዘን ሲደርስበት ማን ቀድሞ እንደሚመጣ፣ የትኛው ሽማግሌ ሲናገር እንደሚደመጥ፣ ዕቁቡ ከእነማን ጋር እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ የላቸውም። ያልተጠየቀ ኃይል ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሳይጠሩት ይቆይና ይዳከማል።

በ2014 ተመሳሳይ ቅጂ ሲዘጋጅ የጋና ዝርያ ያለው ዘፋኝ ፊውዝ ኦዲጂ በግጥሙ ምክንያት አልሳተፍም ማለቱ ይታወሳል። እኛ ግን እምቢ ከማለት ያለፈ ሥራ አለብን። ያን መንገድ በእግራቸው የመጡ እናቶችና አባቶች በመካከላችን አሉ፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ስለ ስቃያቸው ብቻ ሳይሆን ውሃውን እንዴት እንደተካፈሉ፣ ወላጅ አልባውን ልጅ ማን እንደወሰደው፣ ማን መክሮ ማን እንደወሰነ ብንጠይቃቸውና ብንጽፈው፣ ስለ ሖሴን ለሚያስተምሩንም እኛ የምናስተምረው ይኖረናል።