«ዲናሞው አዲስ ነው» ሲሏችሁ

ሱማሌ ተራ ገብቶ ብርማ ቀለም የተረጨ ዲናሞ እያገላበጠ «አዲስ ይመስላል!» የሚል ገዢ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ከእሱ የባሰ የሚያናድደኝ ግን ያንኑ ዲናሞ አሳስሮ፣ የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት ጠፋ ብሎ ደስ ብሎት፣ ባለሙያውን አመስግኖና ከፍሎ የሚሄደው ነው። ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ላይ ጎረቤቱን «እስቲ አንዴ ግፋልኝ» ሲል ታገኙታላችሁ። ያኔ ጥፋቱ የባትሪው ይሆንና አዲስ ባትሪ ይገዛል። ባትሪው በተራው ሲደክም ደግሞ ሌላ ዲናሞ ፍለጋ ወደ ሱማሌ ተራ ይመለሳል።

መኪኖቻችን አርጅተዋል። ነዳጅ የሚያቃጥል የግል መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ዲኤክሱንም ላዳውንም ቮልሱንም ይዞ መቆየት ግድ ሆኗል። እንግዲያው የቻርጅ ሥራን ጥሩና መጥፎ የሚለይ ዓይን ያስፈልጋል፤ ያ ዓይን ግን ከባለመኪናዎች ቀርቶ ጋራዥ ከሚውሉት ተለማማጆች ላይም እየጠፋ ነው።

የላላ ችንጋ፣ ነጭ አመድ የለበሰ የባትሪ ራስ፣ የጎደለ የባትሪ ውሃ፤ ስለነዚህ አልጽፍም። ይህን ሳያይ ኤሌትሪሺያን ዘንድ የሄደ ሰው በቅድሚያ ኮፈኑን ይክፈት። ቁጥሮቹንም ባጭሩ ልጥቀሳቸው። ቻርጅ የሞላ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አድሮ ሲለካ 12.6 ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ይሆናል። ከ15 ካለፈ ባትሪው እየተቀቀለ ነው። ይህንን እንኳን ባለሙያው መኪና አጣቢውም ያውቀዋል።

እኔ ሥራን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ሽቦው በተቀጠለበት ቦታ። ከዲናሞው ጀርባ የሚወጣውን ወፍራም ሽቦ በጣታችሁ እየተከተላችሁ ወደ ባትሪው ሂዱ። መሐል ላይ ናስትሮ የተጠቀለለበት ጥቁር እብጠት ካገኛችሁ ሌላ ምንም አትዩ። የዲናሞውን ዓይነት፣ የባትሪውን ስም፣ የጋራዡን ዝና ተዉት። ሁለት ሽቦ ልጦ፣ በጣት ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ሸፍኖ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው አልሠራም። ሽቦን እንዲህ መቀጠል ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ መጠቅለል ነው፤ ከላይ ንጹሕ ይመስላል፣ ከሥር ግን ይመረቅዛል።

የሚመረቅዘውም እንዲህ ነው። የተጠመዘዙ የመዳብ ክሮች የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ መንገድ 30 አምፒር ሲያልፍ ይግላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። ሲግልና ሲቀዘቅዝ ጥምዙ እየላላ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ከናስትሮው ሥር ይሰርግና መዳቡ አረንጓዴ ይለብሳል። ታዲያ በክረምት ደግሞ መብራቱም፣ የዝናብ መጥረጊያውም፣ የመስታወት ማሞቂያውም አብሮ ይበራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገፋ መኪና የሚበዛው በብርዱ ብቻ አይምሰላችሁ።

አንድ ዲኤክስ ትዝ ይለኛል። ባለቤቱ ዲናሞ ደጋግሞ ቀይሮ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሞተሩን አስነስተን መብራቱን ሁሉ አብርተን ስንለካ ከዲናሞው ጀርባ 14.3፣ ባትሪው ላይ 13.1 ቮልት አገኘን። 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። 30 አምፒር ቢያልፍ 36 ዋት ሙቀት ማለት ነው፤ ትንሽ የመበየጃ ብረት የሚያህል እሳት በናስትሮ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ናስትሮውን ስልጠው ሙጫው ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ ልባሱ ቡናማ ሆኖ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይፈረካከሳል፤ ከክሮቹ ግማሹ ተበጥሷል። ዲናሞዎቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። የሚገርመው ዲናሞ በተቀየረ ቁጥር አንድም ሰው ያንን እብጠት አልነካውም፤ እንዲያውም የመጨረሻው ባለሙያ በላዩ አዲስ ናስትሮ ጨምሮበታል።

የተለማማጆቹ ማሳሳቻ ቴስተር ነው። ጅረት በማያልፍበት ሽቦ ላይ ቴስተር ብታስቀምጡ አንዲት ክር ብቻ ብትተርፈውም 12 ቮልት ያሳያችኋል። ልጁም «ይኸው ደርሷል» ይላል። ሥራ ያስተማሩኝ ሰውዬ፣ እኛ ጋሼ ብቻ ነበር የምንላቸው፣ ድሬዳዋ በባቡሩ ወርክሾፕ ያደጉ ነበሩ። ቴስተር ነበራቸው፤ ግን ከመሳቢያ ሲያወጡት ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ሽቦ የተበየደበት የፍሬን መብራት አምፖል፣ ባለ 21 ዋቱ፣ አይጠፋም። የጠረጠሩት ሽቦ ላይ ይሰኩታል። አምፖሉ ቦግ ካለ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ ደብዘዝ ካለ ሽቦው ይታያል። ያቺ አምፖል ሁለት አምፒር የሚጠጋ ስለምትጠጣ ሽቦውን ታሠራዋለች፤ ቴስተር ግን ምንም አያሠራውም። ለወፍራሙ የቻርጅ ሽቦ ደግሞ የፊት መብራት አምፖል ይጠቀሙ ነበር። በመጨረሻ መኪናው ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ማያያዣዎቹን ሁሉ በጣታቸው ጀርባ ይዳስሷቸዋል። የጋለ ካገኙ ማንም ይሥራው ማን ያስፈቱታል። እኛን ሲያስፈቱን ቃል አይናገሩም፤ ዝም ብለው ካቻቪቴውን ያቀብሉናል። ዝምታቸው ከስድብ ይብስ ነበር።

ለገዢ የሚሆነው ፈተና ይኸው ነው። ሞተሩ ከሚኒሞ ከፍ ብሎ 2000 ዙር ገደማ ይያዝ። ረጅም መብራት፣ ማራገቢያ፣ መጥረጊያ፣ ያለው ሁሉ ይብራ። የቴስተሩ አንዱ እግር ከዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ሽቦ የታሰረበት ዘንግ ላይ፣ ሌላው እግር ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ይሁን። ማሰሪያው ላይ አይደለም፤ የባትሪው የእርሳስ ዘንግ ራሱ ላይ። ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ቢያሳይ ጥሩ ነው። ከ0.5 ካለፈ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ቀጥሎ ከዲናሞው ገላ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ፤ እዚህ ከ0.2 በላይ አልቀበልም። «ይህ ለአሮጌ መኪና አይሠራም» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። አዲሱ መኪና እንዲያውም ትንሽ ይታገሣል፤ ሽቦው የተዳከመው አሮጌው ነው ትዕግሥት የሌለው።

ሁለተኛውን ልኬት የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው፤ ጅረት እንደሚመለስ ይረሳልና። ሞተር ወርዶ ሲመለስ ሞተሩን ከሻሲው የሚያገናኘው ጥልፍ የመዳብ ገመድ ተረስቶ ይቀራል። ያኔ ሞተሪኖው የሚስበው ከባድ ጅረት መመለሻ ሲያጣ በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል ይመለሳል። ገመዱ ግሎ ሽፋኑ ቀልጦ ሲያዝ «የነዳጅ ገመዱ ጥራት የለውም» ብለው የሚቀይሩ ሰዎች አሉ።

ላዳ ያለው ደግሞ በተቃራኒው ይጠንቀቅ። በድሮዎቹ ላዳዎች ሬጉሌተሩ ከዲናሞው ውጪ ኮፈኑ ሥር ታስሯል፤ የባትሪውን ቮልት የሚያውቀውም በቁልፉ ስዊችና በፊውዙ ዞሮ በሚመጣ ሽቦ ነው። እዚያ መንገድ ላይ መጥፎ ቅጥል ካለ፣ ወይም የፊውዙ ማቀፊያ ዝጎ ከሆነ፣ ለሬጉሌተሩ የሚደርሰው ከእውነተኛው ያነሰ ቮልት ነው። ባትሪው የተራበ ይመስለውና ያለ ልክ ያበላዋል። ባትሪው ይፈላል፣ ውሃው ይደርቃል፣ አምፖል በየወሩ ይቃጠላል። ባለታክሲው ሬጉሌተር ይቀይራል፤ አዲሱም ያው የተሳሳተ ወሬ ስለሚደርሰው ያንኑ ያደርጋል። የሬጉሌተሩ ገላ ከመኪናው አካል ጋር የሚነካካበት ቦታ ቀለም ከተቀባ ወይም ከዛገም ውጤቱ አንድ ነው። ያቺን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ጥርስ ያላት ሮንዴላ ጨምሮ ያሰረ ሰው ካያችሁ ሥራውን ሳትፈሩ ስጡት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚል ባለሙያና ዙሪያውን ከብበው የሚያደንቁት ተመልካቾች አሉ። ይህ በጥንቱ ጀነሬተር ዘመን የተለመደ ነበር። ዳዮድ ያለው ዲናሞ ግን ባትሪው በድንገት ሲነሣበት ቮልቱ ሽቅብ ይዘላል፤ ዳዮዱን፣ ሬጉሌተሩን፣ ሬዲዮውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መኪናዬ ላይ ይህን የሚሞክር ሰው ሁለተኛ አይነካትም።

ጥሩ ሥራ ምን ይመስላል? አይታይም፤ ያ ነው ምልክቱ። ሽቦው ከዲናሞው እስከ ባትሪው አንድ ወጥ ነው። ጫፉ ላይ ልኩ የሆነ ኬብል ላግ በመጭመቂያ ተጨምቋል እንጂ በመዶሻ አልተደፈጠጠም። ጎትታችሁ ብትሞክሩት አይነቃነቅም፤ አንገቱ ላይ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለ። መበየድን የሚወዱ አሉ፤ ጋሼም ይበይዱ ነበር፣ እጃቸውም የተባረከ ነበር። ሆኖም ብየዳ ሽቦውን ስለሚያደርቀው ሞተር በሚንቀጠቀጥበት ቦታ ከብየዳው ጠርዝ ላይ ይሰበራል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ከመምህሬ እለያለሁ። ሽቦው ከጭስ መውጫው ራቅ ብሎ በየስንዝሩ ታስሯል፤ በብረት ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ጎማ ተደርጎለታል። ይህን ሁሉ አሟልቶ አሮጌውን ዕቃ በላስቲክ ጠቅልሎ የሚመልስላችሁን ሰው ዋጋ አትከራከሩት። ፒያሳ አካባቢ የነበሩ አንድ የዲናሞ አዳሽ ያለቀውን ካርቦን ከአዲሱ ጎን አስቀምጠው፣ ልዩነቱን በጥፍራቸው አሳይተው ነበር ገንዘብ የሚጠይቁት። አንዳንድ ደንበኛ በዚህ ይሰለች ነበር፤ እሳቸው ግን እስኪያይላቸው ድረስ ሂሳቡን አይቀበሉም።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ የቀይ መብራቱን ነገር እወቁት። ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞውን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ጅረት የሚያልፈው በዚሁ አምፖል ነው፤ አምፖሉ ከተቃጠለ ሞተሩ በደንብ እስኪጮህ ድረስ ዲናሞው ላይነቃ ይችላል። ቮልስ ላይ ደግሞ ነገሩ ከባትሪም ያልፋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ በዲናሞው ዘንግ ላይ ስለታሰረ፣ እየነዳችሁ ቀዩ ከበራ ችንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ወዲያውኑ ቁሙ። ሻጮች ይህን መብራት አይወዱትም። ዝም ብሎ አምፖሉን የሚያወጣ አለ፤ እሱ ቁልፉ ሲከፈት ይጋለጣል። ብልጡ ግን ሽቦውን ከዘይት መብራቱ ጋር ያገናኘዋል፤ የዘይቱ ሲበራ ይበራል፣ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር ጤና ይመስላል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ሞተሩ ላይ ካለው የዘይት ሴንሰር ሽቦውን ንቀሉት። የዘይቱ መብራት ብቻ ከጠፋ ደህና ነው። ሁለቱ አብረው ከጠፉ ከዳሽቦርዱ ጀርባ እጃችሁን አስገቡና ፈልጉ፤ ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ።