ተሕሲሉል ሓሲል፦ የታወቀውን የሚያስታውቅ ጥናት

በእጅ ያለን ነገር እንደገና ለማግኘት መድከምን በመድረሳ ያስተማሩን መሻይኾች «ተሕሲሉል ሓሲል» ይሉታል። ለግምገማ ከሚደርሱን የጥናት ጽሑፎች ብዙዎቹ ይህ ስም ይገባቸዋል። መድረሳ የራቀበት ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል፤ ወላጅ የሚከታተለው ይበረታል። ይህን ለማወቅ አምስት ምዕራፍ አያስፈልግም ነበር።

ይሁንና መደምደሚያው የታወቀ መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም። ሁሉ የሚያምነው ነገርም ሐሰት ሆኖ ሊገኝ ይችላልና ፈትኖ ማጽናት ዋጋ አለው። ነቀፌታችን በአፈታተኑ ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱን እንውሰድ። ከመሃል አዲስ አበባ ወጥተው በዚያ ኮንዶሚኒየም የገቡ ወላጆችን «ልጅዎ ከቁርኣን ትምህርት የሚቀረው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠይቅ የሚበትን አጥኚ «ስለሚርቅ» የሚል መልስ ይዞ ቢመለስ አይገርምም። መልሱን በመቶኛ አስልቶ «ዋነኛው ምክንያት ርቀት ነው» ሲል ግን የሰዎቹን ግምት ቆጠረ እንጂ ምክንያቱን አልመረመረም። የሰፈሩን ወሬ በሰንጠረዥ አድርጎ ለሰፈሩ መለሰለት።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሳይመን ፍራንክሊን በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ላይ ሌላ መንገድ ተከትለዋል። ቤቶቹ ይተላለፉ የነበረው በዕጣ በመሆኑ፣ የወጣላቸውን ካልወጣላቸው ጋር አነጻጸሩ፤ ሁለቱን ወገኖች የለየው ዕድል ብቻ ነውና። በከተማ ዳር ቤት ማግኘት ከሥራ እንደሚያርቅ ያልገመተ ማን ነበር? ንጽጽሩ ግን በሥራም ሆነ በገቢ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እርግጥ ዕጣ የወጣላቸው ሁሉ ቤቱ ውስጥ አልኖሩም፤ ያከራዩም አሉ። ስለዚህ ውጤቱን «ርቀት አይጎዳም» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። ቢያንስ ግን ግምቱ ሊወድቅ የሚችልበት ፈተና ቀርቦለታል።

ኢማም ሻጢቢይ (ረሒመሁላህ) በ«አል-ሙዋፈቃት» መግቢያዎቻቸው ተግባር የማይመሠረትበትን ጉዳይ ማብላላት በሸሪዓ ማስረጃ ያልተወደሰ መሆኑን አስፍረዋል። በመድረሳዎቻችን ጉዳይ ተግባሩ ግልጽ ነው። ምክንያቱ ርቀት ከሆነ አዲስ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል። ከመደበኛው ትምህርት ጋር የሰዓት ግጭት ከሆነ ግን ሰዓቱን ማዛወር ሊበቃ ይችላል። ለዚህ መጠይቅ አያሻም፤ ኡስታዙ የመገኘት መዝገቡን ገልጦ በመድረሳው አጠገብ የሚኖሩትን ልጆች ከሩቆቹ ጋር ያመሳክር። የቅርቦቹም እኩል የሚቀሩ ከሆነ ለቦታ መግዣ መዋጮ ከመጠየቃችን በፊት የትምህርት ሰዓቱን እንይ።