የእናት ቃል በባሕር ማዶ

ሞሃንዳስ ጋንዲ የሕይወታቸውን ታሪክ በጉጅራቲ ቋንቋ ጽፈው፥ ናቫጂቫን በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣቸው ከ1925 እስከ 1929 ዓ.ም. በየክፍሉ አወጡት፤ ማሃዴቭ ዴሳይም ወደ እንግሊዝኛ መለሱት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው)። ይህን መጽሐፍ የሚያነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የሕንድን ነጻነት ነገር ነውና፥ ወደ ደቡብ አፍሪካው ትግል ለመድረስ ሲቸኵል የሎንዶንን ምዕራፎች በጥድፊያ ያልፋቸዋል። ነገር ግን አንድ ወጣት ለትምህርት ባሕር ሲሻገር በልቡ የሚሆነውን ለማወቅ ለሚሻ፥ ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅሙት እነዚያ ጥቂት ገጾች ናቸው።

መጻፍ የጀመሩት ጋንዲ የ56 ዓመት ሰው ናቸው፤ ታሪኩ የሚጻፍለት ተማሪ ግን የ18 ዓመት ልጅ ነው። ይህ ልጅ ሚስቱንና የጥቂት ወር ሕፃኑን ትቶ በሴፕቴምበር 4 ቀን 1888 ዓ.ም. ከቦምቤይ ተሳፈረ። የወገኑ ሽማግሌዎች ባሕር መሻገር ሃይማኖትን ያፈርሳል ብለው ከማኅበራቸው ለዩት፤ የሚረዳውም ሆነ እስከ ወደብ የሚሸኘው ሰው 1 ሩፒና 4 አና እንዲከፍል ፈረዱ። እናቱ ፑትሊባይ የፈራችው ግን ሌላ ነው። ወጣቶች በእንግሊዝ አገር ይበላሻሉ ሲባል ሰምታ ነበርና፥ ልጇ የወይን ጠጅ፥ ሴትና ሥጋ እንዳይነካ በአንድ የጃይን መነኵሴ ፊት እስኪምል ድረስ አለቀቀችውም።

ተማሪው ሥጋን መተው ያምንበት አልነበረም። በራጅኮት ሳለ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ከወላጆቹ ተሸሽጎ ሥጋ በልቷል፤ እንግሊዞች ሕንድን ለመግዛት የበረቱት ሥጋ በመብላታቸው ነው የሚለውንም ወሬ ተቀብሎ፥ ሕንዶች ሁሉ አንድ ቀን በግልጽ እንዲበሉ ይመኝ ነበር። እንግዲህ ሎንዶን ገብቶ የጠበቀው እምነቱን ሳይሆን ቃሉን ነው። ይህን ልዩነት የዘነጋ አንባቢ፥ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ የአንድ ቅዱስ የልጅነት ገድል አድርጎ ያነበዋል፤ ታሪኩ ግን ከዚያ ይልቅ አስቸጋሪ፥ ስለዚህም የሚበልጥ ነው።

መከራው በማዕድ ጀመረ። የሚቀርብለት አትክልት ጨውና ቅመም የሌለው ነበር፤ ከሁለትና ከሦስት ቍራሽ ዳቦ በላይ ለመጠየቅ ያፍራል። በተቀመጠበት ቤት የነበሩት ሁለት ልጃገረዶች አንድ ሁለት ቍራሽ ይጨምሩለት ነበር፤ እርሱን ግን ከሙሉ ዳቦ ያነሰ ነገር አያጠግበውም ነበር። ሌሊት ሌሊት አገሩንና እናቱን እያሰበ ያለቅሳል። ጾም የለመደ አንባቢ ረኃቡን ይረዳዋል፤ ለዚህ ልጅ ግን የሚጠብቀው ፋሲካ አልነበረውም። አንድ ወዳጁ መሐላውን ሊያስተወው ፈልጎ የቤንታምን የፍልስፍና መጽሐፍ አነበበለት። ተማሪው ክርክሩን ሊመልስ አልቻለም፤ መሐላ መሐላ ነው፥ ልሽረው አልችልም አለ እንጂ። በክርክር ተሸንፎ በቃል የጸና ሰው በመጻሕፍት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እምነቱ የመጣው በኋላ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን በእግሩ ሲዞር በፋሪንግደን ስትሪት ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት አገኘ፤ በመግቢያው አጠገብ ከሚሸጡት መጻሕፍትም የሄንሪ ሶልትን መጽሐፍ በ1 ሺልንግ ገዛ። እንግሊዝ አገር ከገባ ወዲህ ጠግቦ የበላው ያን ቀን ነበር፤ መጽሐፉን አንብቦም ሥጋን መተውን በፈቃዱ መረጠ። እናቱ በመሐላ ያሰረችበትን ነገር አንድ እንግሊዛዊ በማስረጃ አስረዳው ማለት ነው። እንዲሁም የራሱን አገር ቅዱስ መጽሐፍ ጊታን መጀመሪያ ያነበበው በሎንዶን ነው፤ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች አብረን እናንብብ ቢሉት፥ በሳንስክሪትም በጉጅራቲም እንዳላነበበው ሲናገር አፈረ። በዚያው ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን ገለጠ፤ ከኦሪት ዘፍጥረት በኋላ ያሉት ምዕራፎች እንቅልፍ አመጡበት፤ የተራራው ስብከት ግን ወደ ልቡ ገባ።

ብዙ ሰው እየሳቀ የሚያወራው የልብሱን ነገር ነው። በቦንድ ስትሪት 10 ፓውንድ የፈጀ የማታ ልብስ፥ በ19 ሺልንግ የተገዛ ረጅም ቆብ፥ ለዳንስ ትምህርት 3 ፓውንድ፥ ለቫዮሊን ሌላ 3 ፓውንድ፤ ከረባቱንም ለማሰር በየቀኑ 10 ደቂቃ በመስተዋት ፊት። ይሁን እንጂ ደራሲው ይህን ከምን ቀጥሎ እንዳስቀመጡት መመልከት ይገባል። ያ ወዳጁ በሆልቦርን ወዳለ ታላቅ ምግብ ቤት ወስዶት ሾርባ ሲመጣ፥ ተማሪው ሥጋ እንዳለበት ሊጠይቅ አሳላፊውን ጠራ፤ ወዳጁም ከጨዋ ሰው ጋር መቀመጥ አታውቅም፥ ሌላ ስፍራ በልተህ ደጅ ጠብቀኝ አለው። እርሱም ወጣ፤ በአቅራቢያው ያለውም ምግብ ቤት ተዘግቶ ስለ ነበር ጾሙን አደረ። ከዚህ በኋላ ነው በሆዱ እሺ ያላለውን በራሱ ላይ በሚደፋው ቆብ ሊክስ የተነሣው። ሦስት ወር ያህል ቆየበት፤ ኋላ ቫዮሊኑን ሸጠ። ደራሲው ቀልደውበት ያልፋሉ፤ ነገር ግን በደጅ የቆመው ልጅ ውርደት ከቀልዱ በታች ይታያል።

የምዕራፎቹ ፍሬ ግን የእንቍላሉ ነገር ነው። እንቍላል ሥጋ አይደለም ብለው የሚያስተምሩ ሰዎችን ሰምቶ ጥቂት ጊዜ በላ። በኋላ ግን ሥጋ የሚለው ቃል በሦስት መንገድ እንደሚተረጐም አስተዋለ፤ አንዱ የእንስሳና የወፍ ሥጋ ብቻ ይላል፥ ሁለተኛው ዓሣውንም ይጨምራል፥ ሦስተኛው እንቍላልንም ይከለክላል። አንድምታ የለመደ አንባቢ በዚህ ስፍራ ጆሮውን ያቀናል። የሕግ ተማሪ ነውና የሚመቸውን ትርጓሜ መምረጥ አያቅተውም ነበር፤ እናቱም በብዙ ሺህ ምዕራፍ ርቃ ያለች ናት። እርሱ ግን መሐላ የሚተረጐመው ያስማለው ሰው በቅን ልብ በተረዳው መንገድ ነው ብሎ፥ እናቱ ሥጋ ስትል እንቍላልንም እንደ ጨመረች ያውቅ ነበርና ተወው። ኬኩና ጣፋጩ ሁሉ እንቍላል ይኖርበት ስለ ነበር፥ በእያንዳንዱ ማዕድ መጠየቅ ግዴታ ሆነበት።

በኢነር ቴምፕል ጠበቃ ለመሆን ከፈተናው ሌላ የተቈጠረ እራት በማኅበር መብላት ያስፈልግ ነበር። ለአራት ሰው ሁለት ጠርሙስ የወይን ጠጅ ይሰጣልና፥ የማይጠጣውን ሕንዳዊ ሁሉም በማዕዱ ይሻው ነበር። በሎንዶን ዩኒቨርሲቴ የመግቢያ ፈተና በላቲን ወድቆ በሁለተኛው ጊዜ ማለፉም ተጽፏል።

የመጽሐፉ ጕድለት እንግሊዞቹ ናቸው። ከቤት አከራዮችና ሥጋ ከማይበሉ ማኅበርተኞች በቀር ፊት ያለው ሰው አይገኝም፤ ሁሉም ለደራሲው ሙከራ እንደ ምስክር ቀርበው ይሄዳሉ። በዚህ በኩል ጃዋሃርላል ኔህሩ በእስር ቤት ጽፈው በ1936 ዓ.ም. ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ ይሻላል። ኔህሩ በልጅነት ሃሮው ገብተው በ1907 ዓ.ም. ወደ ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተሻገሩ። በክርክር ማኅበር ሙሉውን የትምህርት ክፍል ጊዜ ያልተናገረ መቀጫ ይከፍል ነበርና፥ ኔህሩ ከዐይን አፋርነታቸው የተነሣ ብዙ ጊዜ ይከፍሉ ነበር። ነገር ግን የባለጸጋ ልጅ ነበሩና፥ በዚያ ያደረጉት ነገር ሁሉ ብዙ አላስከፈላቸውም፤ ባዕድነታቸውን አጥብቀው የሚናገሩት ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። የጋንዲ ተማሪ ግን በየዕለቱ በሳንቲም ይመዝነዋል።

ተማሪው በጁን 10 ቀን 1891 ዓ.ም. ጠበቃ ተባለ፤ በ12ኛው ቀን ተሳፈረ። እናቱን ለማየት እየናፈቀ ቦምቤይ ሲደርስ፥ ወደብ ላይ የጠበቀው ወንድሙ መሞቷን ነገረው፤ በባዕድ አገር ሳለ እንዳይደነግጥ ብለው ሸሽገውት ነበር። ጋንዲ ከየነገሩ ትምህርት ማውጣት የሚወዱ ሰው ሲሆኑ፥ በዚህ ስፍራ ምንም አላወጡም። ኀዘኑ ከአባቱ ሞት ይልቅ እንደ በረታ፥ እንባውን እንደ ገታ፥ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ኑሮው እንደ ተመለሰ በጥቂት መስመር ተናግረው ያልፋሉ። ሁለቱን ምዕራፎች አስተያይቶ የሚያነብ ሰው ግን መጽሐፉ ያልተናገረውን ያገኛል፤ ተማሪው እናቱ በተረዳችው መንገድ መሐላውን ሲጠብቅ ከኖረበት ዘመን ከፊሉ፥ እናቱ በዓለም ያልነበረችበት ዘመን ነው።