ዱንጉዛው የት ይታጠፋል?

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ወላይታ ሶዶ በሥዕል ትጥለቀለቃለች፤ በስልክ የሚላክ የመልካም ምኞት ካርድ፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ የግድግዳ ምስል። ዱንጉዛ የተባለውን የወላይታ ባህላዊ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ፣ ዱንጉዛ የለበሱ ሙሽሮች፣ ዱንጉዛ የለበሰ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና፤ ከኋላ ሁልጊዜ ዳሞታ ተራራ። በግራፊክስ ታብሌት የሚሠራው እየበዛ መጥቷል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። የሚያናድደው ከሥሩ የሚጻፈው ሙገሳ ነው፦ «ፎቶ እኮ ነው የሚመስለው!»፣ «እጅህ ይባረክ!»። ገዢው ከፍሎ ይወስዳል፤ ተለማማጁም ያንኑ ይቀዳል። ሥዕሉ ግን ተበላሽቷል። የተበላሸውም ብብቱ ሥር ነው።

የዕቃውን ነገር በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። የጃፓኑ ዋኮም እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በግራፊክስ ታብሌት ሥራ ላይ ያለ ኩባንያ ነው፤ ሁዮንና ኤክስፒ-ፔን የተባሉት የቻይና ምርቶች በዋጋ ይቀንሳሉ። ከርካሾቹም ብዙዎቹ 8192 የግፊት ደረጃ እንለያለን ይላሉ፤ ያን ሁሉ ለይቶ የሚጫን እጅ ያለው ሰው ብርቅ ነው። ክሪታ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል፣ ለጀማሪም ከበቂ በላይ ነው። ሌየር ምን እንደሆነ፣ ለኅትመት የሚሆን ፋይል ለምን በ300 ዲፒአይ እንደሚከፈት ያልገባው ሰው ሥዕል ከመመዘኑ በፊት እሱን ይማር።

ብሩሹም ብዙ ወሬ ባላሻው ነበር፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ግን ከእሱ ነው። ዲጂታል ብሩሽ አንድን ትንሽ ምስል ብዕሩ በሄደበት ሁሉ እየደጋገመ ያትማል። ኅትመቱ ከተቀራረበ መስመር ይሆናል፤ ከተራራቀ ነጠብጣብ። ምስሉን ማንም እንደፈለገው ይቀይረዋል፦ ቅጠል፣ ፀጉር፣ ደመና፣ ሻካራ ጨርቅ። አሜሪካዊው ካይል ዌብስተር ስሙ የገነነው እንዲህ ዓይነት ብሩሽ በመሥራት ነው፤ አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2017 ስብስቡን ገዝቶ ለፎቶሾፕ ደንበኞቹ አደለው። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ብሩሽ መያዝ ለማንም ሙያ ምስክር መሆኑ ቀርቷል።

ታዲያ አንዱ ብልጥ የዱንጉዛን ፎቶ ያነሣና ቀዩን፣ ጥቁሩንና ቢጫውን ቆርጦ ብሩሽ ያደርገዋል። በክሪታ የሚሠራ ከሆነ የብሩሹ ጫፍ ቀለሙን እንደያዘ ያትምለታል፤ ፎቶሾፕ ያለው ደግሞ ያንኑ በፓተርን ያለብሳል። ከትከሻ እስከ ወገብ አንድ ጊዜ ሳብ ያደርገዋል፤ ልብስ ተሠራ! የቀረውን ጊዜ ዓይኑ ውስጥ የብርሃን ነጥብ ሲያስቀምጥ፣ ጢሙን አንድ በአንድ ሲተክል ያሳልፈዋል። ተመልካቹም ዓይኑንና ጢሙን አይቶ ያጨበጭባል። ልብሱን የሚያይ የለም፤ ቢያይ ኖሮ ሰውዬው በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ እንደሚመስል ያስተውል ነበር።

የዱንጉዛ መስመር በተሸመነ ክር የተሠራ ነው፤ ጨርቁ የሄደበት ይሄዳል። ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይወርድና ብብት አጠገብ እጥፋት ያገኛል። እዚያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይሰወራል፤ ከወዲያ በኩል ብቅ ሲል ከነበረበት ፈንጠር ብሎ ነው። ቢጫው መሐሉ ላይ ተቆርጦ ከጥቁሩ ጋር ይገጥማል። ዐዋቂ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህችን ዝንፈት ነው። መስመሩ እጥፋቱን ሳያውቀው በላዩ ቀጥ ብሎ ካለፈ፣ እጥፋቱ በኋላ በአየር ብሩሽ የተረጨ ጭስ እንጂ እጥፋት አይደለም።

ክንድ ደግሞ ክብ ነው። በእጅጌው ላይ ቁልቁል የወረዱት መስመሮች ከመሐል ወደ ዳር በሄዱ ቁጥር ስፋታቸው መጥበብ አለበት፤ የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ሦስቱ ቀለሞች ተጨፍልቀው ቀጭን ክር ያህል ይቀራሉ። በብሩሽ የታተመው ግን ዳር ድረስ እኩል ስፋት ይዞ ይሄዳል፤ ክንዱም ጠፍጣፋ ጣውላ ይሆናል። ስፌቱም አለ። እጅጌ ለብቻው ተቆርጦ የሚሰፋ ነገር ነው፤ ትከሻ ላይ የደረቱ መስመርና የእጅጌው መስመር አቅጣጫቸው ይለያያል። ሶዶ ገበያ ያለ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይህን ያውቃል፤ ሠዓሊ ነኝ የሚለው ወጣት ግን ከደረት ተነሥቶ እስከ እጅ አንጓ በአንድ ጉዞ ይደርሳል።

የዚሁ በሽታ ሌላው ምልክት ጥቁሩ ነው። ብሩሹ ፀሐይ ላይም ጥላ ውስጥም ያንኑ ድፍን ጥቁር ያትማል። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የመታውን ጥቁር ክርና ብብት ሥር የተደበቀውን ቢጫ ጎን ለጎን ያየ ሰው በድምቀት እምብዛም እንደማይራራቁ ይረዳል። ማረጋገጥ የፈለገ ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይረው። በትክክል የተሠራው ቀለሙን ቢያጣም ትከሻው ይወጣል፣ ብብቱ ይገባል። የታተመው ግን ደረትና ጀርባ የሌለው የመስመር ክምር ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ ድርድርም የለውም። ልብሱ በመጀመሪያ ያለ አንዳች መስመር፣ በግራጫ ብቻ ይሣላል። እጥፉ፣ ጎድጓዳው፣ ክቡ ሁሉ እዚያ ያልቃል። ከዚያ በሌላ ሌየር ላይ መስመሩ ተራ ክብ ብሩሽ ተይዞ በእጅ ይሠመራል፣ እጥፋት ባገኘ ቁጥር እየተቆረጠ። ጥላው መልቲፕላይ በተባለው የሌየር ስልት ከላይ ይመጣል። የማጣመሚያ መሣሪያ ለሰፊው የትከሻ ጎባጣ ይፈቀዳል፤ እጥፋት ላይ ግን ክልክል ነው፣ ምክንያቱም ጨርቅን እንደ ላስቲክ ይለጥጣል እንጂ አያጥፍም። ዱንጉዛ ወንበር ላይ ጣል አድርጎ ለአንድ ሰዓት ያላየ ተለማማጅ ታብሌቱን ባይነካ ይሻላል።

ይህ ጥንቃቄ ከታብሌት በፊት የነበረ ነው። ሃንስ ሆልባይን እ.ኤ.አ. በ1533 «አምባሳደሮቹ»ን ሲሥል ከሁለቱ ሰዎች መሐል ባለው መደርደሪያ ላይ ምንጣፍ አንጥፏል። የምንጣፉ ጥለት ከላይ ተጨፍልቆ ይታያል፤ ጠርዙን አልፎ ሲንጠለጠል ሙሉ ቅርጹን ይይዛል። ለንደን ናሽናል ጋለሪ የሚቆም ሰው ያንን ጠርዝ ብቻ ቢያይ በቂው ነው።

አዲስ አበባም ሩቅ አይደለችም። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህላል፤ በላዩ ያሉት ሰዎች ልብስ በቀለም ቁራጭ ተከፋፍሎም ቢሆን ከሥሩ ትከሻና ጉልበት እንዳለ አይጠረጠርም። ከቺካጎ ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ ተማሪው የሰውን አካል አይቶ መሣልን እንዲማር ነበር። በዚያ ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ታደሰ መስፍን የሚሥላቸው የገበያ ሴቶች ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ያሳያሉ፦ የልብሱን ጥለት እምብዛም አይዘረዝረውም፣ የሴቲቱ ክብደት ግን መሬት ላይ ያርፋል። ጥለቱን ማጠፍ ያቃተው ይተወው፤ መተው ነውር የለበትም።

በሶዶ ደግሞ የታፔላ ሠዓሊዎቹ ነበሩ። ቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም የጸጉር ቤት ራስ፣ የሥጋ ቤት በሬ፣ የልብስ ስፌት ቤት ሙሽራ ይሥሉ የነበሩት። ፊት መሣል ላይ ብዙዎቹ አይታሙም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ሁለቱ ዓይኖች በአንድ መስመር የማይገኙበት ጊዜ ሞልቶ ነበር። ልብስ ላይ ግን ይጠነቀቃሉ። ስሕተትን በአንድ ቁልፍ መሰረዝ የሚባል ነገር አልነበረማ! ቀለሙ ከፈሰሰ ፈሰሰ። ስለዚህ መስመሩ የት እንደሚቆረጥ ቀድመው በእርሳስ ያስቀምጡታል፤ ብሩሹ እዚያ ሲደርስ ይነሣል፣ ከእጥፋቱ ወዲያ እንደገና ያርፋል። ደንበኛ መስመሩ ተጣሟል ብሎ ሲከራከር ልብሱ ውስጥ ሰው እንዳለ አስታውሰው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ባነር ማተሚያው ገበያቸውን ሲወስደው ያ የእጅ ልማድ ለወጣቶቹ አልተላለፈም።

ባነር ከተነሣ አይቀር፣ ስክሪን ላይ የደመቀው ቀይና ቢጫ ታትሞ ሲወጣ ቢደበዝዝ ሠዓሊው ላይ ብቻ አይፈረድ፤ ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ስለሚሠሩ ልዩነቱ ያለ ነው። የታጠፈ መስመር ግን በየትኛውም ማተሚያ ታጥፎ ይወጣል።

ለመጪው ጊፋታ ሥዕል ያዘዘ ሰው ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ። ሠዓሊው ፋይሉን ከፍቶ የመስመሩን ሌየር ያጥፋለት። መስመሩ ጠፍቶ እጥፋቱ፣ ትከሻውና ብብቱ ከቀሩ ሥዕሉ ሙሉ ዋጋው ይገባዋል። ከመስመሩ ጋር ልብሱም አብሮ ከጠፋ የተከፈለው ቀብድ ይበቃዋል።