መዝገቡ ሙሉ፣ በሩ ባዶ

በዚህ የሂስ ዓምድ ልቦለድ ወይም የመማሪያ መጽሐፍ ስንተች ለምዳችኋል። ለዛሬ ግን ማንም ሰው ለመዝናኛ ብሎ የማያነሳቸውን ሁለት መጻሕፍት ይዘን ቀርበናል። አንደኛው በአስቸኳይ ጊዜ ትምህርት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች መረብ፣ በአጭሩ አይ ኤን ኢ ኢ የሚባለው፣ ያወጣው የትምህርት ዝቅተኛ መመዘኛዎች መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው አሜሪካኖች የሕፃናትን ክፍል የሚመዝኑበት ኢከርስ የተባለው መለኪያ ነው። ሁለቱም በሥልጠና ሰበብ ነው እጃችን የገቡት። በደንብ ያነበብናቸው ግን አንድ ነገር ከደረሰብን በኋላ ስለሆነ ሚዛናችን ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል። አንባቢ ይህን ይወቅልን።

የደረሰው እንዲህ ነው። ካቶር ውስጥ፣ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከኛ መካከል አንዳንዶቹ የሚሠሩበት የሕፃናት ማዕከል አለ። ሦስት መምህራን፣ ሁለት ረዳቶች፣ አንዲት ምግብ አብሳይና አንድ ዘበኛ ናቸው ሠራተኞቹ። ልጆቹ የደቡብ ሱዳን፣ የኢትዮጵያና የሱዳን ልጆች ናቸው። በተለይ የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ከተቀሰቀሰ ወዲህ የኻርቱም ልጆች በዝተውልናል። ሠራተኛውም እንደዚያው ድብልቅ ነው። ሥራው ስለተምታታብን አንድ ዓርብ ቀን አዲስ የተራ ሰንጠረዥ አውጥተን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ማን በር ላይ እንደሚቆም፣ ማን እጅ እንደሚያስታጥብ፣ ማን አጥሚት እንደሚያድል ሁሉ በመስመር በመስመር ተጽፏል። ሁሉም ፈረመበት። የዚያኑ ዕለት ሊጎበኝ የመጣ ተቆጣጣሪ ሰንጠረዡን አይቶ አመሰገነን፤ ቅጹም ላይ «የሥራ ድልድል አለ» በሚለው ፊት ምልክት አደረገ።

ሰኞ ዕለት የአራት ዓመት ልጅ ጠፋብን።

ነገሩ ሲጣራ ሰንጠረዡን የጻፍነው እኛ ሐበሾቹ ነን። ጠዋት ልጆች ሲገቡ በር ላይ የምትቆመው ኢትዮጵያዊት ረዳት ስለሆነች ከስሟ ፊት «1–3» ብለን ጻፍን። ከሰዓት በኋላ ልጆች ሲወጡ የምትቆመው የጁባ ልጅ ስለሆነች ከስሟ ፊት «7–9» ብለን ጻፍን። ለኛ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ለጁባዋ እህታችን ግን ሰባት ሰዓት ማለት ጠዋት ልጆች የሚመጡበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት ሁለቱም በር ላይ ተገኙ። እያንዳንዳቸው ሌላዋ ልታግዛቸው የመጣች መስሏቸው ተደሰቱ እንጂ ማንም «ምነው ሁለት ሆንን?» አላለም። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ዘበኛው በጓሮ በኩል የውሃ ቦቴ እያስገባ ነበር። ልጁ የሌላ ሰው እናት ስትወጣ አብሮ ወጣ፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ገበያው አመራ። ያገኘችው መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ እናት ናት። ዩኒፎርሙን አይታ ይዛ አስቀመጠችው፤ ዳቦና ሻይም ሰጠችው። ፈልገን ስንደርስ የተናገረችን አንድ ነገር ነው፤ «ልጆቻችሁን አትቆጥሯቸውም እንዴ?»

ጥፋቱ የኛ ነው፤ በመጽሐፍ ላይ አናላክክም። ግን ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መጻሕፍቱን ስንገልጥ የፈለግነው አንድ ነገር ነበር፤ እንዲህ ያለውን ስህተት አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀን ገጽ አለ ወይ?

ከአይ ኤን ኢ ኢ እንጀምር። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው በ2004 ነው፤ በ2010 ታደሰ፤ በ2024 እንደገና ታደሰ። ለመጀመሪያው እትም ከ50 በላይ አገሮች የመጡ ከ2,250 በላይ ሰዎች ሐሳብ አዋጥተዋል። ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት መጠለያ ውስጥ ትምህርት ማለት እህልና ድንኳን ከታደለ በኋላ የሚታሰብ ትርፍ ነገር ነበር። ይህ መጽሐፍ ትምህርት ከውሃና ከመድኃኒት እኩል መብት ነው ብሎ ስለተከራከረልን እናመሰግነዋለን። አምስት ክፍሎች አሉት፤ አራተኛው ስለ መምህራንና ስለ ሌሎች የትምህርት ሠራተኞች ነው። እዚያ ውስጥ ሦስት መመዘኛዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ስለ ቅጥርና ምርጫ፣ አንዱ ስለ ሥራ ሁኔታ፣ አንዱ ስለ ድጋፍና ክትትል።

ልብ በሉ፤ ሰው ይቀጠራል፣ ውል ይፈርማል፣ ክፍያ ያገኛል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣለታል። ሁሉም ትክክል ነው። ክፍያው ላይ የሚለውንማ ባይረሱት ደስ ይለናል፤ ለስደተኛ መምህር የሚሰጠው ነገር ስሙ «ኢንሴንቲቭ» ስለሆነ ደመወዝ ነው ብሎ የሚከራከርለት የለም። ነገር ግን በቅጥርና በክትትል መካከል አንድ ሰፊ ሜዳ አለ። እሱም ቀኑ ራሱ ነው። ሰኞ ጠዋት አንዲት መምህርት ወባ ይዟት ስትቀር የሷን 30 ልጆች ማን ይወስዳል? ረዳቷ ብቻዋን ሆና አንድ ልጅ ሽንት ቤት ቢጠይቅ ሌሎቹ ከማን ጋር ይቆያሉ? ምግብ አብሳይዋ እሳት ላይ እያለች ልጆች ወደ ማድ ቤት እንዳይገቡ የሚያየው ማነው? መጽሐፉ ወደዚህ ሜዳ አይወርድም።

«የዓለም መጽሐፍ እኮ ነው፤ የካቶርን በር እንዴት ይወቅ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችን ግን አለ። ያው መጽሐፍ በመጀመሪያው እትሙ የመምህራን ሥነ ምግባር ደንብ ናሙና አያይዞልን ነበር። መምህር እንዴት ጠባይ ይኑረው ለሚለው ናሙና መስጠት ከተቻለ፣ አንድ የሕፃናት ማዕከል ከንጋት እስከ መዝጊያ በስድስት ወይም በሰባት ሰው እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳይ የአንድ ቀን ናሙና መስጠት ለምን አይቻልም? የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መምህሩ ሩብ ሰዓት ቢያረፍድ ይጫወታል። የአራት ዓመት ልጅ ግን አስፋልት ላይ ይወጣል። መጽሐፉ የቅድመ ልጅነት ትምህርት የኔም ጉዳይ ነው እያለ ይህን ልዩነት በበቂ ሁኔታ አለማየቱ ዋናው ጉድለቱ ነው እንላለን።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ኢከርስን ቴልማ ሃርምስና ሪቻርድ ክሊፎርድ በ1980 አወጡት፤ ዴቢ ክራየር ተጨምራ በ1998 ተሻሽሎ ታተመ። የ1998ቱ እትም 43 ነጥቦች አሉት፤ ሁሉም ከ1 እስከ 7 ይመዘናሉ። 1 ማለት የማይበቃ፣ 7 ማለት እጅግ የላቀ ነው። ስንከፍተው መጀመሪያ ሳቅን፤ አዎ፣ ሳቅን። ለልጆች የሚደላ ለስላሳ መቀመጫ፣ የአሸዋና የውሃ መጫወቻ፣ የብሎክ ጥግ ይላል። አሸዋስ አለን፤ ጁባ ውስጥ አሸዋ ማን ያጣል! ውሃ ግን በቦቴ ገዝተን በበርሜል የምናስቀምጠው ስለሆነ ለመጫወቻ ስጡ ቢሉን አብሳይዋ በማማሰያ ታባርረናለች። በዚህ በኩል መጽሐፉ ለሀብታም አገር የተጻፈ ነው፤ በኛ ክፍል ላይ ብንሞክረው ድህነታችንን ለክቶ ይመልስልናል እንጂ ሥራችንን አይለካም።

ታዲያ መጨረሻ ላይ ስንደርስ ሳቃችን ቆመ። የ1998ቱ እትም የመጨረሻው ክፍል ስለ ወላጆችና ስለ ሠራተኞች ነው፤ ስድስት ነጥቦች አሉት። ሠራተኛዋ የምታርፍበት ሰዓት አላት ወይ? የአዋቂ ወንበር አለ ወይ? ሥራው በፍትሕ ተከፋፍሏል ወይ? ከሁሉም በላይ፣ ሠራተኞች ስለ ልጁ ማወቅ ያለባቸውን ነገር እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ ወይ? ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። ያቺ ሻይ የምታፈላ እናት የጠየቀችንን ጥያቄ መጽሐፉ ከብዙ ዓመት በፊት ጠይቆታል። እኛ ጋ ያልነበረው ሰንጠረዥ አይደለም፤ ንግግር ነው። ሁለቱ ረዳቶች ሰኞ ጠዋት አንድ ደቂቃ ቢነጋገሩ ኖሮ ስህተቱ እዚያው በር ላይ ይታረም ነበር።

የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ2014 የወጣው ሦስተኛው እትም ይህን ክፍል ጨርሶ አስወጣው። ነጥቦቹ ከ43 ወደ 35 ወረዱ። ምክንያቱ በራሱ መንገድ የሚያሳምን ነው፤ የሠራተኞቹ ክፍል የሚሞላው በአብዛኛው በመጠየቅ ነው፣ የተጠየቀ ሰው ደግሞ ራሱን ያሳምራል፤ ስለዚህ ገምጋሚው ሦስት ሰዓት ተቀምጦ በዓይኑ ያየውን ብቻ ይመዝን ተባለ። ለተመራማሪ ጥሩ ነው። ለኛ ግን እንዲህ ሆኖ ይታየናል፤ ገምጋሚ የሚመጣው ክፍሉ በሥራ ላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ ሁሉም ሰው ቦታው ላይ ነው። ችግር ያለው በመጋጠሚያው ላይ ነው፤ ተራ ሲቀያየር፣ ውሃ ሲመጣ፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ሳትገባ። በዓይን የሚታየው ብቻ ይመዘን ከተባለ የኛ ማዕከል የዚያን ሰኞ ጠዋት ጥሩ ነጥብ ያገኝ ነበር። በር ላይ ሁለት ሠራተኛ! እንዴት ያለ መስተንግዶ!

የአገራችንንም ነገር ሳናነሳ አናልፍም። በ2010 እ.ኤ.አ. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ባወጡት የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍ ከአራቱ ምሰሶዎች አንዱ የዜሮ ክፍልና የልጅ ለልጅ ትምህርት ነበር፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን በጨዋታ ያለማምዳሉ። ይህ ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል። የኔታ ብቻቸውን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያንን ሁሉ ልጅ የሚይዙት በልምጭ ብቻ አልነበረም፤ ዳዊት የደገመው ወንጌል ላይ ያለውን፣ ወንጌል ላይ ያለው አቡጊዳ የሚቆጥረውን እየያዘ ነው። ያ የሠራተኛ ድልድል ነው፤ ያውም ወረቀት የሌለበት። ግን ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃን ይበቃል አንልም፤ የ10 ዓመት ልጅ ፊደል ማስቆጠር ይችላል እንጂ በር እንዲጠብቅ አይደረግም። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ይህ ድንበር ሲጣስ አይተናል፤ አልወደድነውም።

አንድ ነገር እንጨምር። በመጋቢት 2024 በሙቀቱ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ተዘጉ፤ ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ነበር። በየካቲት 2025 እንደገና ተዘጉ፤ ጁባ ውስጥ ተማሪዎች በሙቀት ብዛት ራሳቸውን እየሳቱ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠን ሕፃን ያሰበ ሰው ይፈርድናል። የመዝጊያው ትእዛዝ ከመንግሥት ይመጣል፤ ከትእዛዙ በፊት ባሉት ቀናት ግን ልጆቹን ወደ ዛፍ ጥላ የሚያወጣው፣ ውሃ የሚያጠጣው፣ ለወላጅ የሚደውለው ማነው? እነዚህ ሁሉ የድልድል ጥያቄዎች ናቸው፤ ማኑዋል ከመከፈቱ በፊት መልስ ሊኖራቸው ይገባል።

አሁን ምን አደረጋችሁ ለምትሉን፣ ሰንጠረዡን ቀደን በሥዕል ሠራነው። ከንጋት ፀሐይ፣ የቀትር ፀሐይ፣ ያዘነበለች ፀሐይ። ቁጥር የለበትም። የሰዓቱ ጣጣ እኮ የኛና የጁባዎች ብቻ አይደለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። በዚያ ላይ ደቡብ ሱዳን በየካቲት 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች ከአዲስ አበባ ጋር እንኳ አንገጥምም። ከሥዕሉ ሌላ ተራ የሚለቅ ሰው ለሚረከበው የልጆቹን ቁጥር በቃል ሳይነግር ከቦታው አይሄድም፤ የሚረከበው ሰው ካልመጣም እዚያው ይቆማል፤ ዘበኛው ውሃ ሲያስገባ ዋናው በር ይቆለፋል። ሁሉንም በአማርኛና በጁባ ዐረብኛ ጮክ ብለን ተባብለነዋል። አልፎ አልፎ አሁንም እንረሳለን፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ቁጥሩ ሳይነገር ተራ ተቀይሯል።

ሻይ የምታፈላዋ እናት ትንሿን ልጇን ኋላ አምጥታ አስመዝግባለች። ስለ ትምህርቱ አልጠየቀችንም፤ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ የምትቆመው ማን እንደሆነች ብቻ ጠየቀችን። ጠርተን አስተዋወቅናት።

የሥዕሉን ሰንጠረዥ ለመቅዳት የምትፈልጉ ማዕከሎች ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። ፎቶ ኮፒ ማሽናችን ቀለም ከጨረሰ ቆይቷል።