መጀመሪያ አፉን እዩት

ካዛንቺስ ትንሽ ካፌ የነበራቸው አንዲት ደንበኛዬ አንድ ሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። «የኔ ልጅ፣ እንግዳ መጥቶብናልና ብቅ በል» አሉ። እንግዳው ከዝዋይ በሃይላንድ ጠርሙስ የመጣ፣ ጣት የሚያህል ቆሮሶ ዓሣ ነው። ልጃቸው ለሽርሽር ሄዶ ከአጥማጆች ለምኖ ያመጣውን፣ ካፌው የዓሣ ገንዳ ውስጥ ከስምንት ኒዮን ቴትራና ከጥቂት ጋፒ ጋር ለቀውታል።

«ይውጣ» አልኩ።

«ኧረ ምን አደረገ? ጨዋ ነው እኮ!»

እውነታቸውን ነው፣ ያን ሳምንት ማንንም አልነካም። በሦስተኛው ወር ስመለስ ግን ከስምንቱ ኒዮን የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ጠጠሩን ዝቆ ተክሉን ሁሉ ነቅሎ አንሳፎታል። ያኔ መንገዱም ተቆፍሮ ስለነበር ካፌው ከውጭም ከውስጥም ቁፋሮ ነበረበት። አንድ ማኪያቶ የያዘ ሰው ቆሮሶውን እያየ «ለጾም አይሆንም?» አለ። ዓሣ ገንዳ ባለበት ሁሉ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ሰጠነው።

በቂርቆስና በካዛንቺስ ቢሮዎችና ካፌዎች ገንዳ እያጸዳሁ ስኖር በብዛት የምሰማው ጥያቄ «ይሄኛው ዓሣ ኃይለኛ ነው?» የሚል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው አፉን ነው። ዓሣ ጎረቤቱን የሚበላው ጠልቶት ሳይሆን አፉ ውስጥ ስለሚገባለት ነው። ኤንጅልፊሽ ሲሸጥ አንድ ብር ሳንቲም ያህላል፤ ሲያድግ ርዝመቱ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ኒዮን ደግሞ ቢያድግ ቢያድግ ከ4 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ሁለቱም የአማዞን ተፋሰስ ተወላጆች ናቸው፤ የአገር ልጅነት ግን ኒዮንን አያድነውም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያለውን መጠን ትቶ ከዓመት በኋላ የሚኖረውን መገመት ነው።

አብሮ መኖርን በደንብ ያሳየኝ የገዛ አገራችን ሐይቅ ነው። ጣና ውስጥ በሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚባሉ፣ የአንድ ወገን የሆኑ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ ይኖራሉ። የሚገርመው ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። የቀሩት ደግሞ አንዱ ከጭቃው ትል ይለቅማል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ ሌላው ተክል ይበላል። ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ በዪውም ተበዪውም ቦታ ያገኛል። መቶ ሊትር ገንዳ ውስጥ መሸሻ የለም። ከጣና መኮረጅ የምንችለው አንዱን ነገር ብቻ ነው፦ ከላይ የሚበላ፣ ከመሃል የሚበላና ከታች የሚለቅም ለይቶ ማስገባት።

ከአፍ ቀጥሎ የማየው ዓሣውን ሳይሆን ቤቱን ነው። መጻሕፍቱ የሚሉት ሁሉ በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ እዚህ ከ6 ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ መጽሐፉ ሃያ ዓሣ ይችላል ካለ እኔ አሥራ አምስት እላለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል፤ በፊልትሩ ስፖንጅ ውስጥ ሆነው የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ያጥራቸዋል። ለደንበኞቼ የማስተምረው ዘዴ ቀላል ነው፦ ከገንዳው ውኃ በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንጠባጠብ።

ብርዱም አለ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምድር ቤት ያለን ገንዳ ማሞቂያ ከሌለው ወደ 17 ወይም 18 ዲግሪ ሊያወርደው ይችላል። ኒዮን ይህን አይወድም፤ ይደክምና ነጭ ነጥብ የሚሉት በሽታ ይወጣበታል። ጎልድፊሽ ግን ይመቸዋል። ይሁንና ሁለቱን አንድ ላይ አላስቀምጥም፤ ብርድ የሚወደውን ከሙቀት ፈላጊው ጋር ማስቀመጥ አንዱን ሁልጊዜ ማሳመም ነው። ጎልድፊሽ በዚያ ላይ ቆሻሻው ብዙ ነው፣ አፉም ያድጋል።

ሽሪምፕ ማርባት የጀመርኩት በዚህ ብርድ ምክንያት ነው። ቀዩ ቼሪ ሽሪምፕ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ 20 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ማሞቂያ አይጠይቅም። ቀኑን ሙሉ ከቅጠሉ ላይ አልጌ ይለቅማል። ችግሩ ጫጩቱ ለሁሉም አፍ መብቃቱ ነው። የትልቁ ሽሪምፕ ጠላት ጥቂት ቢሆንም፣ 2 ሚሊ ሜትር የሚያህለውን ጫጩት ያ ጨዋ የምንለው ጋፒ እንኳ ይለቅመዋል። መፍትሔው ዓሣውን መቆጣት አይደለም፣ ሞስ የሚባለውን የውኃ ተክል መጨመር ነው። እፍኝ ሙሉ ሞስ ካለ ጥቂቶቹ ተደብቀው ያድጋሉ።

ሽሪምፕን የጨረስኩት ግን በዓሣ አይደለም፤ በገዛ እጄ ነው። ነጭ ነጥብ ለያዛቸው ዓሦች መድኃኒት ጨመርኩ፤ ጠርሙሱ ላይ መዳብ እንዳለበት የተጻፈውን አላነበብኩም። ጠዋት ሠላሳው ሽሪምፕ ሁሉ በጀርባቸው ተኝተው ነበር። መዳብ ዓሣ የሚችለው መጠን እንኳ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ፍሊትም እንደዚያው፦ በረሮ የሚገድል ነገር የበረሮን የሩቅ ዘመድ ሽሪምፕን አይምርም። ስለዚህ አሁን ሽሪምፕ ልስጥ ስል «ማታ ማታ ፍሊት ትነፋላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የባለ ቆሮሶዋ ደንበኛዬ ካፌም አብሮ ሄደ፤ እሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ገንዳውን ሳጓጉዝ ስፖንጁን እርጥብ እንዳለ በፌስታል ይዤ ነበር፤ ከደረቀ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። አዲሱ ቤት ውስጥ ማንቆርቆሪያውን አየሁት፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። የጉድጓድ ውኃ ነው፣ ካልሲየም ይበዛዋል። የግድብ ውኃ እንዲህ አያደርግም። ኒዮን ለስላሳ ውኃ ነው የሚወደው፤ ጋፒና ቅርፊቱን እየጣለ የሚያድግ ሽሪምፕ ግን ካልሲየሙን ይፈልጉታል። «ኒዮኖቼስ?» ሲሉ «ይቅሩብዎ» አልኳቸው። አኮረፉ። ሮቶ ውስጥ አንድ ቀን አድሮ ክሎሩ የበነነ ውኃ ሞልቼ፣ ስድስት ጋፒ፣ አሥራ ሁለት ሽሪምፕና ሁለት እፍኝ ሞስ አስገባሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ አንዷ ሽሪምፕ ሆዷ ሥር ቢጫ ነገር ይዛለች። ታማ ይሆን?»

እንቁላል እንደሆነ፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይዛው እንደምትዞር ነገርኳቸው። መብራት አለ ወይ ብዬም ጠየቅኳቸው።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም» አሉ። «በጣሳ እያንጠባጠብኩ ነው።»